የክፉ ቀን ውሃ፦ በብዛት እንዴት እናስቀምጠው?

ውሃ በራሱ አይበላሽም። የሚያበላሸው ዕቃው፣ ክዳኑና የእኛ እጅ ነው። ብዙ ውሃ ማስቀመጥ ሲባል ትልቅ በርሜል ገዝቶ እስከ አፉ መሙላት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መሙላቱማ ቀላሉ ነው። ጣጣው ያለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህ ሁሉ ክብደት የት ያርፋል? ከሞላ በኋላስ ሳይቆሽሽ እንዴት ይቀዳል? እነዚህ ሁለቱ ቀድመው ከታሰቡ ሌላው እዳው ገብስ ነው።

1. መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ

ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለጥቂት ንጽሕና በብዛት የሚጠቀሰው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ቢያንስ የ3 ቀን፣ ከተቻለ የ2 ሳምንት ውሃ እንዲያዝ ይመክራል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም በሽተኛ ካለ፣ ወይም አየሩ ሞቃት ከሆነ ከዚህ በላይ ያስፈልጋል።

4 ሊትር ግን ነፍስ ማቆያ ነው። ገላ መታጠቢያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የሽንት ቤት መልቀቂያ ውሃ በውስጡ የለም። በዓለም አቀፍ የእርዳታ ሥራ ላይ የሚታወቀው የስፌር መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ይላል።

አምስት ሰው ላለበት ቤት፣ ለ14 ቀን እናስላው። በ4 ሊትር ሲሰላ 280 ሊትር ነው። በ15 ሊትር ሲሰላ 1,050 ሊትር። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ይራራቃሉ፤ መራራቃቸው ግን ይጠቅመናል። የሚጠጣው ውሃ ከጠቅላላው ሩብ እንኳ ብዙም አያልፍም ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በእኩል ጥንቃቄ መያዝ የለብንም። 300 ሊትር ያህሉን እንደ ዓይናችን ብሌን እንጠብቀው። የቀረው ለመታጠቢያና ለመጸዳጃ ነው፤ እሱ ንጹሕ ይሁን እንጂ የመጠጥ ደረጃ አያስፈልገውም። ይህን ለይቶ ያልያዘ ሰው ወይ ብዙ ይደክማል፣ ወይ የመጠጥ ውሃውን ሽንት ቤት ይደፋዋል።

2. ቦታው፦ ከዕቃው በፊት የሚመረጥ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ይሆናል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ደግሞ ከነዕቃው ከአንድ ቶን ያልፋል። ከሞላ በኋላ «ትንሽ ወደ ግድግዳው ጠጋ እናድርገው» ማለት የለም። ስለዚህ ቦታው ተመርጦ፣ ተደልድሎ፣ ተጠርጎ ነው ዕቃው የሚገባው።

ፎቅ ላይ የምትኖሩ በተለይ ልብ በሉ። የመኖሪያ ቤት ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚነደፈው በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ ጭነት ታስቦ ነው። አንድ በርሜል የሚያርፍበት ቦታ ሩብ ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያ ማለት እዚያች ቦታ ላይ በካሬ ሜትር 800 ኪሎ ያህል ጫንን ማለት ነው። አንዱ በርሜል ወለሉን ላያፈርሰው ይችላል፤ አራቱን አንድ ጥግ መደርደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፎቅ ላይ ከሆነ ውሃውን ዝቅ ዝቅ ባሉ ዕቃዎች ከፋፍሎ፣ በየክፍሉ በትኖ፣ ከክፍሉ መሃል ይልቅ ወደ ዋና ግድግዳና ወደ ምሰሶ ማስጠጋት ይሻላል። አንድ ቶን ማስቀመጥ ያሰበ ሰው መሐንዲስ ያማክር፣ አለዚያም ወደ ምድር ቤት ይውረድ።

መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋና የተጠቀጠቀ ቦታ፣ የተሻለው ኮንክሪት ነው። ትልቅ የፕላስቲክ ታንከር ሙሉ ቂጡ ማረፍ አለበት። በአራት ድንጋይ ላይ ወይም በተራራቁ ብረቶች ላይ ከተሰቀለ ፕላስቲኩ በክፍተቶቹ በኩል ይረግብና ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ትናንሾቹን በርሜሎች በእንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ርብራቡ ከስር አየር ያስገባል፣ ቂጡ ማፍሰስ ከጀመረም ቶሎ ይታያል። «ኮንክሪት ፕላስቲኩን ይመርዘዋል» የሚለውን ወሬ ግን ብዙም አትስሙት።

የቀረው አጭር ነው። ፀሐይ የማያገኘው፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይሁን፤ ሲዲሲ ከ10 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይላል። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ቀለምና ፀረ ተባይ ካለበት ክፍል ይራቅ፤ ትነታቸው በፕላስቲኩ ውስጥ ቀስ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ደግሞም ውሃው ቢፈስ ወዴት እንደሚሄድ አስቡ። ከስሩ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ወይም የጎረቤት ጣሪያ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

3. ዕቃው

ለምግብ የተፈቀደ ፕላስቲክ ይሁን። ቂጡ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2 ቁጥር ካለ ጠንካራው ፖሊኢታይሊን ነው፤ አብዛኛው ጀሪካንና በርሜል የሚሠራው ከዚህ ነው። 1 ቁጥር የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ቁጥሩ ግን ፕላስቲኩን እንጂ ታሪኩን አይነግራችሁም። ያገለገለ በርሜል ስትገዙ ዋናው ጥያቄ «ምን ነበረበት?» የሚለው ነው። ሻጩ በደንብ ካልመለሰ ወይም ወረቀቱ ተልጦ ከሆነ ለመጠጥ አትግዙት። ኬሚካል ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ዕቃ በሳሙናም በፈላ ውሃም አይጸዳም፤ ፕላስቲኩ ራሱ ይመጠውና በኋላ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ጭማቂ የነበረበት በርሜል ግን ከታጠበ ያገለግላል፣ ሽታው ትንሽ ቢያስቸግርም።

የወተት ፕላስቲክም አይሆንም። የስቡና የፕሮቲኑ ቅሪት ሙልጭ ብሎ አይወጣም፣ ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል።

ቀለሙ ጠቆር ያለ ወይም ብርሃን የማያሳልፍ ይመረጣል። ብርሃን ከገባ አልጌ፣ ያ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገር፣ ይበቅላል። በብረት ፍርግርግ የታቀፈውን ባለ 1,000 ሊትር ነጭ ታንክ የያዘ ሰው በጥቁር ሸራ ይሸፍነው።

መጠኑ ላይ የእኔ ምርጫ ቅይጥ ነው። ሁሉን ውሃ አንድ ትልቅ ታንከር ውስጥ ማድረግ ያጓጓል፣ ቦታም ይቆጥባል። ነገር ግን አንድ ስንጥቅ ወይም አንድ የሞተች አይጥ ሁሉንም ይወስደዋል። ለመጠጥ የሚሆነውን በ20 ሊትር ጀሪካኖችና በአንድ ሁለት በርሜል፣ የመታጠቢያውን በትልቁ ብታደርጉት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሌላም ጥቅም አለው፤ ቤት ለቃችሁ ለመሄድ ብትገደዱ አንስታችሁት መሄድ ትችላላችሁ።

ክዳኑን ችላ አትበሉ። ጎሚኒው የተበላ ክዳን ክፍት ማለት ነው። የዴንጊ በሽታን የምታስተላልፈው ኤዴስ የተባለችው ትንኝ የምትወደው እንዲህ ያለውን የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብላ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉ ሳይፈለፈል በደረቁ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፣ በብሩሽ መፈተግ አለበት። ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ክዳኑ በልጅ እጅ የማይከፈት ይሁን። ትንሽ ልጅ ባልዲ ውስጥ ባለ ውሃ እንኳ ሊሰጥም ይችላል።

4. እጥበት

በፈሳሽ ሳሙናና በሞቀ ውሃ እጠቡ፣ አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁ። ቀጥሎ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ። በረኪናው ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 ፐርሰንት ገደማ የሆነ ይሁን። ጀሪካን ከሆነ ይህን አፍስሳችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ፣ ውስጡ በሙሉ እንዲነካ እያገላበጣችሁ ናጡት። ቢያንስ 30 ሴኮንድ ይቆይና ይደፋ። ከዚያ ደርቆ ይሞላል፣ ወይም በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ ይሞላል። ክዳኑንና ሩቢኔቱን አትርሱ፤ ቆሻሻው የሚደበቀው ጥርሱ ውስጥ ነው።

ትልቅ ታንከር መናጥ አይቻልም። ግድግዳውን ፈትጋችሁ ዝቃጩን ካወጣችሁ በኋላ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ባለ 5 ፐርሰንት በረኪና እያደባለቃችሁ ሙሉትና 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ውሃው በሙሉ ይደፋል፤ ይህ ውሃ አይጠጣም፣ ለአትክልትም አይሆንም። ማንም ሰው ብቻውን ታንከር ውስጥ አይግባ። በረዥም እንጨት ላይ የታሰረ ብሩሽ ከውጭ ሆኖ ያደርሳል።

5. መሙላት

የአትክልት ማጠጫ ጎማ ለመጠጥ ውሃ አይመችም፤ አንዳንዱ ከተሠራበት ነገር የሚለቀው ኬሚካል አለ። ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ጎማ ፈልጉ። ከሌለ በንጹሕ ባልዲና በማጥለያ መሙላት ይሻላል። ጎማውን ከመክተታችሁ በፊት ውስጡ የተኛውን ውሃ አፍስሱ፣ ጫፉም መሬት አይንካ።

ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ ይጥለል፣ ከዚያ በጥቅጥቅ ጨርቅ ይጣራ። ክሎሪን ድፍርስ ውሃ ላይ ጉልበቱን በጭቃው ላይ ይጨርሳል።

አሁን በረኪናው። ከቧንቧ የመጣና ቀድሞ ክሎሪን የተጨመረበት ውሃ ከሆነ፣ ዕቃውም በደንብ ከታጠበ፣ ሌላ መጨመር አያስፈልግም። ከጉድጓድ፣ ከዝናብ ወይም ከማይታወቅ ምንጭ ከሆነ ግን የተለመደው ልክ ለ1 ሊትር 2 ጠብታ ባለ 5 ፐርሰንት በረኪና ነው። ለ20 ሊትር 40 ጠብታ መቁጠር ይቻላል። ለ200 ሊትር 400 ጠብታ የሚቆጥር ግን የለም። ስለዚህ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ያዙ፣ በሚሊ ሊትር እንለካ።

ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የውሃውን ሊትር ለ2 አካፍሉ፣ የተገኘውን በረኪናው ላይ ለተጻፈው ፐርሰንት አካፍሉ። የሚመጣው በሚሊ ሊትር ነው። 200 ሊትር ውሃ፣ 5 ፐርሰንት በረኪና፦ 200 ለ2 ሲካፈል 100፣ 100 ለ5 ሲካፈል 20 ሚሊ ሊትር። በረኪናው 2.5 ፐርሰንት ብቻ ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር። ሮቶው 1,000 ሊትር ከሆነ በ5 ፐርሰንቱ 100 ሚሊ ሊትር። ይህ ልክ በ1 ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ያስገኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው ጣሪያ ጋር እኩል ነው። «ይጠንክርልን» ብሎ በዓይን መጨመር ስለዚህ አይሆንም።

በርሜሉ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ካላወቃችሁ የውስጡን ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ለኩ። ወርድ በወርድ፣ በቁመት፣ በ0.785 አባዙና ለ1,000 አካፍሉት። 57 ወርድና 80 ቁመት ያለው 204 ሊትር ይይዛል።

በረኪናውን ዕቃው ግማሽ ሲደርስ ጨምሩት፤ የቀረው ውሃ ሲወርድ ራሱ ያደባልቀዋል። 30 ደቂቃ ይቆይ። ክዳኑን ከፍታችሁ ስታሸቱ ለስለስ ያለ የክሎሪን ሽታ ካለ ደህና ነው። ከሌለ ያንኑ ልክ ድገሙና 15 ደቂቃ ጠብቁ። አሁንም ካልሸተተ ያ ውሃ ቆሻሻ በዝቶበታልና ለመጠጥ አታስቡት። በአፍንጫው የማይተማመን ሰው ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠውን የክሎሪን መለኪያ ወረቀት ይጠቀም።

ስለ በረኪናው ራሱ ሦስት ነገር። ሽታ፣ ቀለም ወይም ማወፈሪያ የተጨመረበት አይሆንም። አንድ ዓመት ያለፈው ኃይሉ ተዳክሟል፣ ስለዚህ እየገዛችሁ ተኩ። ከኮምጣጤ፣ ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ወይም አሞንያ ካለበት ነገር ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ክሎሪን ሁሉን አይፈታም። ነዳጅ፣ ጨው፣ ፀረ ተባይ ወይም አርሴኒክ የገባበትን ውሃ አያጠራም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው የሆድ ተውሳክም ይቋቋመዋል፤ ለእሱ ማፍላት ነው። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ 3 ደቂቃ።

ሞልቶ ሲያልቅ ቀኑን፣ «የመጠጥ» ወይም «የመታጠቢያ» የሚለውን፣ የተጨመረውንም በረኪና በማይለቅ ቀለም ጻፉበት። ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

6. አቀዳድ

እዚህ ላይ ነው ብዙ የተለፋበት ውሃ የሚበላሸው። ክዳኑ ይነሳል፣ ጣሳ ይጠልቃል፣ ከጣሳው ጋር ጣት ይገባል። ያ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ ከመጠጥ ውሃ ዕቃ ውስጥ ምንም ነገር አይጠለቅም። አፉ ጠባብ የሆነ ጀሪካን አዘንብሎ መቅዳት ይቻላል። ከስር ሩቢኔት ያለው ዕቃ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። በርሜል ላይ ሩቢኔት የምታስገጥሙ ከሆነ ከታች ሦስትና አራት ጣት ከፍ አድርጉት፣ ዝቃጩ ከስር ይቀራል። ጀሪካን ከስሩ ቆሞ እንዲገባ በርሜሉ ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ይበል። መቆሚያው ግን ከ200 ኪሎ በላይ የሚሸከምና የማይነቃነቅ መሆን አለበት፤ የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋበት አካባቢ በርሜሉ በቀበቶ ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ሩቢኔቱ ተከፍቶ ውሃው ገግ ገግ እያለ ከተቆራረጠ አየር አጥቶ ነው። ከላይ ያለውን ትንሹን ክዳን ላላ አድርጉት።

በርሜሉ መሬት ላይ ከተቀመጠ የእጅ ፓምፕ ወይም ቀጭን ጎማ ይሠራል። ጎማውን በአፍ መሳብ የለመደ ሰው ብዙ ነው፤ ለመጠጥ ውሃ ግን አይሆንም። እንዲህ አድርጉ። የታጠበውን ጎማ ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ውሃ ሙሉት። ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣት ድፈኑ። አንዱን ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ወደ ውሃው አስጠግታችሁ ጣታችሁን ልቀቁና ጫፉ ብቻ ይግባ። ሌላውን ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ካለው የውሃ ደረጃ በታች አውርዳችሁ ልቀቁ። ውሃው ራሱ ይመጣል። ውሃው የሚቆመው የውጭው ጫፍ ከውስጡ የውሃ ደረጃ ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ለዚህ ነው በርሜሉ ትንሽ ከፍታ የሚፈልገው።

7. ማደስ

ራሳችሁ የሞላችሁትን የመጠጥ ውሃ በየ6 ወሩ ለውጡ። አትድፉት፤ ልብስ ይታጠብበት። ሁሉን በአንድ ቀን መለወጥ ስለሚያደክም ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከሦስት ወር በኋላ አድርጉት። እንዲህ ከሆነ ባዶ ዕቃ ይዛችሁ የምትገኙበት ቀን አይኖርም። ፋብሪካ አሽጎ ያወጣው ውሃ ግን እሽጉ እስካልተነካና ከሙቀት እስከራቀ ድረስ ረዥም ጊዜ ይቆያል።

የቆየ ውሃ ጣዕሙ ሞቶ ሊገኝ ይችላል። ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ደጋግሞ መገልበጥ አየር ያስገባለታል። ከተጠራጠራችሁ እንደገና በረኪና ጨምሩ ወይም አፍሉ። ክሎሪን በጊዜ ብዛት ይጠፋል፣ በፀሐይማ ወዲያው።

ከመለዋወጥ ጣጣ መገላገል የሚፈልግ ሰው ታንከሩን ከቤቱ መስመር ጋር ያገናኘው። ውሃ ከላይ ይገባል፣ ቤቱ የሚጠቀመው ከስር ይወጣል፣ ስለዚህ በየቀኑ ይታደሳል። ሁለት ነገር ግን ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የመንገዱ ቧንቧ ግፊት ሲያጣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይሄድ ቼክ ቫልቭ ይግባበት። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ቧንቧ ሠሪውም አያነሳውም። ውሃ መጥፋቱን ማንም ሳያውቅ ቤተሰቡ እንደ ወትሮው እየታጠበ ታንከሩን ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ የዘወትሩ መውጫ ከታንከሩ ሲሶ ከፍ ብሎ ይገጠም፣ ሌላ ሩቢኔት ደግሞ ከታች ይሁን። የላይኛው ሲደርቅ ውሃ መሄዱን ታውቃላችሁ፤ ሲሶው ግን ገና እጃችሁ ላይ ነው። ያ ከታች የሚቀረው ስለሚተኛ አልፎ አልፎ በታችኛው ሩቢኔት መልቀቅ አለበት።

8. ውሃ የጠፋ ዕለት

ቧንቧ ፈነዳ ወይም ውሃው ተበከለ ከተባለ መጀመሪያ ወደ ቤት የሚገባውን ዋና መዝጊያ ዝጉ። ቤት ውስጥ የቀረው ንጹሕ ውሃ አይነካም።

ቦይለር ካላችሁ ውስጡ ያለው ውሃ ሌላ መጠባበቂያ ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ወይም ጋዙን አጥፉና ይቀዝቅዝ። የውሃ መግቢያውን ዝጉ፣ አንድ የሙቅ ውሃ ሩቢኔት ክፈቱ፣ ከዚያ ከስር ባለው ማፍሰሻ ቅዱ። ሳይሞላ ደግሞ አታብሩት፣ ይቃጠላል። የሽንት ቤቱ የኋላ ማጠራቀሚያ ውሃ ግን ለመጠጥም ለገላ መታጠቢያም አይሆንም።

ሽንት ቤቱን በታጠባችሁበት ውሃ ልቀቁት። ማጠራቀሚያውን መሙላት አያስፈልግም፤ በባልዲ ቀጥታ መቀመጫው ውስጥ ባንዴ ቸለስ ማድረግ በትንሽ ውሃ ይወስደዋል።

ውሃው ሲመለስ ደስ ብሎን በርሜሎቹን ለመሙላት እንሮጣለን። ቆም በሉ። መጀመሪያ የሚመጣው ቧንቧው ውስጥ የተኛውን ዝገትና ጭቃ ይዞ ነው፤ ግፊት በጠፋበት ጊዜ በስንጥቅ የገባ ቆሻሻም ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያውን በባልዲ ያዙና ለሽንት ቤት አውሉት። ጠርቶ መውረድ ከጀመረ በኋላም ትንሽ አስኪዱት፣ ከዚያ ነው ጎማው ወደ በርሜሉ የሚገባው። «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ማስታወቂያ ከወጣ ግን ማስታወቂያው እስኪነሳ የመጠጡን ዕቃ አትሙሉ።